የጨው ስክራብ ለደጋ ቆዳ፦ ጓዳ ውስጥ ባለ ነገር

ደብረ ብርሃን ላይ ጥቅምት መግባቱን ቀድሞ የሚያውቀው ቆዳ ነው። ክንዳችሁን በጥፍር ጫር ስታደርጉት ነጭ መስመር ይወጣል። ተረከዝ ይሰነጠቃል፣ ክርን ይሻክራል፣ ባት አመድማ ይሆናል። ሁሉም ሰው "በጥቅምት አንድ አጥንት" እያለ ሆዱን ያስባል፤ ቆዳውን ግን ጠዋት ቫዝሊን ለቅለቅ አድርጎ ይወጣል። ቫዝሊን ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። ግን ከላይ የተከመረው የሞተ ቆዳ ሳይነሳ ቅባት ብቻ ቢደራረብ ሻካራው እዚያው ነው። መጀመሪያ እሱ መነሳት አለበት። ለዚህ ደግሞ ጨውና ዘይት ይበቃል፤ ስክራብ የምንለውም ይሄንኑ ተደባልቆ ቆዳ ላይ የሚታሽ ነገር ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ጨው ቆዳ አያለሰልስም። የጨው ሥራ መፈግፈግ ነው፤ ቅንጣቱ የሞተውን ሽፋን ያነሳል፣ ሥራው እዚያ ላይ ያልቃል። የሚያለሰልሰው ዘይቱ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ጨዉን ያበዛል፣ ዘይቱን ጠብ ያደርጋል፣ ቆዳው እስኪቀላ ይፈገፍጋል፣ ከዚያ በሳሙና ሙልጭ ብሎ ታጥቦ ይወጣል። ለደጋ ሰው ይሄ በደረቅ ላይ ደረቅ መጨመር ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀዝቃዛ አየር ብዙ እርጥበት አይዝም፣ ነፋሱም አያባራም፣ ስለዚህ የቆዳችን ውሃ በቀላሉ ይተናል። ለእኛ የሚሆነው ስክራብ ዘይቱ ጠገብ ያለ፣ ጨዉ የደቀቀ፣ እሽቱም ቀለል ያለ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ከገባችሁ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀት አለ፣ ላብ አለ፣ ዘይት ሲበዛ ደስ አይልም። ቆላ ያላችሁ ዘይቱን ቀነስ አድርጉት፤ ሌላው አሠራር ያው ነው።

አሁን ወደ ጨዉ። በፓኬት የሚሸጠው ደቃቅ የገበታ ጨው በጣም ጥሩ ነው፣ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። አዮዲን አለበት ብላችሁ አትጨነቁ፤ መጠኑ በጣም ትንሽ ነው፣ ለዚህ ሥራም አይጠቅምም፣ አይጎዳምም። ውጭ አገር ተፈልጦ የሚመጣ ሮዝ ጨው በውድ ገዝቶ እግር ላይ ማሸት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ከአፍዴራ የመጣው የእኛው ጨው እኩል ይሠራል። ለነገሩ በሰሜን ሸዋ ጨው ትልቅ ታሪክ ያለው ዕቃ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ጊዜ፣ ከሥሯ ያለችው አልዩ አምባ ከአፋር ቆላ በግመል ተጭኖ የሚመጣ ጨው የሚራገፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው ያኔ ገንዘብ ነበር፣ ዕቃ ይገዛበት ነበር። ዛሬ አንድ ፓኬት ጨው ማንም ቤት አይጠፋም፣ እግራችንን ብናሽበት የሚቆጣን የለም።

ቤት ያለው ድፍን ወይም ሻካራ ጨው ከሆነ እንዲሁ አትጠቀሙበት። የሾለ ቅንጣት ቆዳ ይቧጭራል፤ ቧጨራው ለዓይን ባይታይም ውሃ ሲነካው ያቃጥላል። ውቀጡትና በወንፊት ንፉት። ያለፈው ለክንድና ለእግር ይሆናል፤ ወንፊቱ ላይ የቀረው ለተረከዝ ብቻ። እዚህ ጋ በጣም የማስጠነቅቀው፦ በርበሬ ወይም ሚጥሚጣ የተወቀጠበት ሙቀጫ ወይም የተፈጨበት ማሽን አትንኩ። ታጥቦም ቢሆን ከውስጡ አይጠፋም። ሽታው ካለ ማቃጠሉም አለ። ሌላ ዕቃ ከሌለ ጨዉን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በጠርሙስ ዳምጡት። ለከብት የሚሸጠው አፈር የተቀላቀለበት ጨውም ይቅር፤ ጠጠሩ ቆዳ ያቆስላል።

ክረምት ላይ ጨው እርጥበት ይስባል፣ ይረጥባል። እርጥብ ጨው ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጓጉላል፣ ቆይቶም የጨው ውሃ ከሥር ያጠራቅማል። መፍትሔው ቀላል ነው። ንጹህ መጥበሻ ላይ በትንሽ እሳት እያማሰላችሁ ለጥቂት ደቂቃ አሙቁት፣ ወይም ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ፀሐይ አስመቱት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ጨው ላይ ዘይት አታፍስሱ።

ዘይት ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ውጤቱን የሚወስነው እሱ ነው። ቤት ካለው ሁሉ የምመርጠው የሱፍ ዘይት ነው። ቀላል ነው፣ ሽታ የለውም፣ ለደረቀ ቆዳ የሚስማማ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል ስብም በብዛት አለው። የወይራ ዘይት ስሙ ትልቅ ነው፣ ለእጅና ለእግርም ይሆናል፤ ቆዳው በጣም ለደረቀና ለሚያሳክከው ሰው ግን የሱፉ ይሻላል። የሰሊጥ ዘይት ጥሩ ነው። የኑግ ዘይትም ይሆናል፣ ግን ሽታው ጠንከር ይላል፣ ፎጣም ላይ ቀለም ይተዋል፤ ሽታው ካልከበዳችሁ ግን ተጠቀሙበት፣ የአገራችን ዘይት ነው። የጉሎ ዘይት ወፍራምና ሙጭጭ ያለ ስለሆነ ብቻውን ያስቸግራል፤ ለተረከዝ ግን ከሌላ ዘይት ጋር ትንሽ ስትቀላቅሉት ልዩ ነው።

የኮኮናት ዘይት ያላቸው ሰዎች "እኔ ጋ ድንጋይ ሆነ" ይላሉ። ልክ ናቸው። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው የሚቀልጠው፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ቤት ውስጥ ያን ያህል የሚሞቅበት ቀን ብዙ አይደለም። ብልቃጡን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ ይቀልጣል። ከሱፍ ዘይት ጋር ግማሽ በግማሽ ካደባለቃችሁት ስክራቡ ለስለስ ብሎ ይቆያል። የሚረጋ ዘይት የምንለው የፓልም ዘይት ግን ለዚህ አይሆንም፤ በብርድ ቆዳ ላይ ይረጋል፣ ሰም የተቀባችሁ ያህል ይሰማችኋል። አንድ ጊዜ የተጠበሰበት ዘይትም ያው፣ ይቅር።

መሠረታዊው አሠራር ይሄ ነው። መለኪያው የቡና ሲኒ ይሁን፣ ሁሉም ቤት አለ። ሁለት ሲኒ ደቃቅ ደረቅ ጨው፣ አንድ ሲኒ ዘይት። ጨዉን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉ፣ ዘይቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ እያፈሰሳችሁ በማንኪያ አማስሉ። እጃችሁ ላይ ስታነሱት እርጥብ አሸዋ መምሰል አለበት፦ ይያያዛል፣ ግን አይፈስም። ፈሰሰ ማለት ዘይቱ በዝቷል፣ ትንሽ ጨው ጨምሩ። ከተበተነ ዘይት ይፈልጋል። ከዚያ ክዳን ባለው ደረቅ ብልቃጥ ገልብጡት፤ የማርማላታ ብልቃጥ በደንብ ታጥቦ ከደረቀ ተስማሚ ነው። በማግስቱ ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ጨዉ ከሥር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። አልተበላሸም። ጨው በዘይት አይሟሟም፣ ስለዚህ ይዘቅጣል፤ በደረቅ ማንኪያ አማስላችሁ መጠቀም ነው።

መዓዛ የምትወዱ ደግሞ ሽቶ ልትገዙ አትሂዱ። ጦስኝ አለላችሁ። ከጣርማ በር እስከ መንዝ ጓሳ ባለው ብርዳም ከፍታ ላይ የሚበቅል፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ጦስኝ፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሽታውን ሳይሰስት ይሰጣል። በደንብ የደረቀ ጦስኝ አንድ እፍኝ ውሰዱ። ሁለት ሲኒ ዘይት ብልቃጥ ውስጥ አድርጉና ጦስኙን ጨምሩበት። ብልቃጡን ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አቁሙት፣ ውሃው ሳይፍለቀለቅ በትንሽ እሳት ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ዘይቱን በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ ግን ጦስኙን ይጠብሰዋል፣ ሽታውም የምሳ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ጦስኙ እርጥብ ከሆነ ውሃው ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ሻጋታ ያመጣል፤ ለዚህ ነው "በደንብ የደረቀ" ያልኩት። ኮሰረትና ጠጅ ሳርም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። ለእኔ ግን የጦስኙን የሚያክል የለም፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው ቤቱን ሁሉ ያውደዋል።

የቡና አተላም አይጣል። ሳህን ላይ ዘርግታችሁ አድርቁትና ከጨዉ ግማሹን በእሱ ተኩት። ቅንጣቱ ከጨው ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ቆዳቸው ስስ ለሆነ ሰዎች ደህና አማራጭ ነው። የመታጠቢያ ቤት ቱቦ ሊዘጋ ስለሚችል ሳፋ ውስጥ ሆናችሁ ተጠቀሙበት። ማር መጨመር የምትፈልጉ ለአንድ ጊዜ የሚበቃችሁን ብቻ ቀላቅሉ፣ አታስቀምጡት። ለከንፈር ደግሞ ጨው ጭራሽ አይሁን፤ ትንሽ ስኳር ከማር ጋር ነው የሚያስፈልገው፣ እሱንም በጣት ጫፍ ቀስ አድርጎ።

ብዙ ሰው የሚጨምረው፣ እኔ ግን አጥብቄ የምቃወመው ሁለት ነገር አለ፦ ሎሚና ጤና አዳም። ሎሚ ያቃጥላል፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሁለቱም ውስጥ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር መኖሩ ነው። ጤና አዳም የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ሊቋጥር ይችላል፣ ጥቁር ምልክትም ትቶ ይሄዳል፣ ምልክቱ ደግሞ ቶሎ አይለቅም። የደጋ ፀሐይ ብርዱ ስለሚሸፍነው ቀላል ይመስላል እንጂ በከፍታ ላይ ጨረሩ ይበረታል። ጤና አዳምን ቡናችሁ ላይ አድርጉት፣ እዚያ ጌጥ ነው።

አሁን አጠቃቀሙ። መጀመሪያ ሰውነት ለብ ባለ ውሃ ይርጠብ፣ የሞተው ቆዳ ይለስልስ። ፍል ውሃ አይሁን፤ ብርድ ላይ ቢያስደስትም ቆዳን ያደርቃል። የሾርባ ማንኪያ የሚያህል ስክራብ በመዳፍ ያዙና በክብ እንቅስቃሴ ቀስ እያላችሁ እሹ። ጉልበት አትጨምሩበት፣ ጨዉ ራሱ ይሠራል። ለአንድ ክንድ አንድ ደቂቃ ይበቃል። መቅላት ከጀመረ አቁሙ። ከዚያ በውሃ ብቻ አለቅልቁ። ሳሙና አትጠቀሙ። መታጠብ ያለበት ቦታ ካለ ሳሙናው ከስክራቡ በፊት ይሁን፤ በኋላ ከሆነ የቀባችሁትን ዘይት መልሳችሁ ጠራርጋችሁ መጣላችሁ ነው። ፎጣውን አትፈግፍጉ፣ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን ብቻ አንሱ። ቆዳው ገና እርጥበት እያለው ቫዝሊኑን ወይም ግሊሰሪኑን ደርቡ። አሁን ነው ቫዝሊን ሥራውን የሚሠራው፣ ከሥሩ ያለውን ውሃ ዘግቶ ይይዛል። በብርድ ወራት በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ተረከዝ ግን ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል። የፕላስቲክ ጫማ አድርጎ ውሎ ለሚገባ፣ ገበያ ላይ ሲቆም ለሚውል፣ ማሳ ላይ ለሚሠራ ሰው ይሄ የምሽት ሥራ ነው። ሳፋ ውስጥ አራት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ አድርጉ፣ ግማሽ ሲኒ ጨው አሟሙበት፣ እግራችሁን አሥራ አምስት ደቂቃ አቆዩ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እየተጨዋወቱ፣ ጊዜው ሳይታወቅ ይሄዳል። ከዚያ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ሻከር ያለ ጨው ከጉሎና ከሱፍ ዘይት ጋር ቀላቅላችሁ ወፍራሙን ቆዳ ብቻ እሹ። ስትቆሙ መሬት የማይነካውን የውስጥ እግር መሐል አትንኩ፣ እሱ ስስ ነው። አለቅልቁ፣ በጣቶች መካከል ያለውን በደንብ አድርቁ፤ እዚያ እርጥበት ከቀረ ፈንገስ ይወዳል። ቫዝሊን ወፈር አድርጋችሁ ቀቡና የጥጥ ካልሲ አድርጋችሁ ተኙ። ለጋ ቅቤ የሚቀቡም አሉ፣ ለስላሳነቱ ጥሩ ነው፤ ሽታውን ግን አንሶላችሁ ይወስደዋል። ስንጥቁ ጠልቆ ደም ካሳየ ጨው አይነካው። ያኔ ጨው የሌለው ለብ ያለ ውሃ፣ ቫዝሊንና ካልሲ ብቻ፤ እስኪገጥም ጠብቁ። በምላጭ መቁረጥማ ፈጽሞ አይሞከርም።

ስኳር ያለበት ሰው እግሩን በጨው አይሽ፣ በሙቅ ውሃም አይዘፍዝፍ። የስኳር ሕመም የእግርን ስሜት ስለሚቀንስ ሰውየው መቧጨሩንም መቃጠሉንም ላያውቅ ይችላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ቤታችሁ ስኳር ያለባቸው እናት ወይም አባት ካሉና "ለኔም አሽልኝ" ካሉ፣ ቅባት ብቻ ቀቧቸው፤ እግራቸውንም አገላብጣችሁ ቁስል መኖር አለመኖሩን እዩላቸው። እግሩ ያበጠ ሰውም ጨው ሳይነካው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ችፌ፣ እከክ፣ ቋቁቻ ያለበት ቆዳ በመፈግፈግ አይድንም፣ ይባስ ይቆጣል፤ መድኃኒት አለው። በዚያው ቀን የተላጨ ቦታ ላይ አታድርጉ። ፊት ላይ፣ ብልት አካባቢ፣ ሕፃን ላይ ጨው አይሁን።

"ጨው ከሰውነት መርዝ ያወጣል" የሚሉ ሰዎች አሉ። አያወጣም፤ እሱ የኩላሊትና የጉበት ሥራ ነው። "ቆዳ ያቀላል" የሚሉም አሉ። አያቀላም፣ ማቅላትም አያስፈልገውም። አመድማው ሲነሳና ዘይት ሲጠግብ የራሳችሁ መልክ ይወዛል። ለጥር ሠርግ የምትዘጋጁ ልጆች በተለይ ይሄን ስሙኝ። ከሠርጉ በፊት ሦስትና አራት ሳምንት በየሳምንቱ ቀለል አድርጎ መሥራት ነው እንጂ በዋዜማው ሰውነትን ሙሉ መፋቅ አይደለም። የተፋቀ ቆዳ ላይ ሽቶና ቅባት ሲደረብ ይቆጣል፣ ቀዩም በማግስቱ ይታያል።

መንሸራተትን አደራ። ዘይት የነካው ሴራሚክ ወይም ሊሾ ወለል አደገኛ ነው፣ በተለይ ለትልልቅ ሰዎችና ለነፍሰ ጡር። ሻወር ያላችሁ ከእግር ሥር ጨርቅ ወይም የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ሲያልቅ ወለሉን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ሻወር የሌላችሁ ሳፋው ይበልጥ ያዋጣችኋል፤ ቁጭ ብላችሁ ስለምትሠሩ መውደቅም የለም።

ብልቃጡ ውስጥ እርጥብ እጅ አይግባ። ውሃ ሲገባ ጨዉን ያሟሟዋል፣ ዘይቱንም ያበላሸዋል። የምትፈልጉትን በደረቅ ማንኪያ ወደ ትንሽ ሳህን ቀንሳችሁ ይዛችሁ ግቡ። ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ከተቀመጠ ሁለት ወር ያህል ይቆያል፣ ጦስኝ ያለበትም እንደዚያው። ብልቃጡ ላይ ወረቀት ለጥፋችሁ ቀኑን ጻፉበት፣ "የእግር" ብላችሁም ጻፉበት፤ ጓዳ ውስጥ ከተቀመጠ ወጥ የሚሠራ ሰው ቅመም ያለበት ጨው መስሎት ሊጠቀምበት ይችላል። የቆየ ዘይት ሽታ ማምጣት ከጀመረ ድፉት። ስትደፉ ግን ጎመንና ቆስጣው ያለበት ጓሮ ላይ አይሁን፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃም ቢሆን፤ ጨው የጠጣ መሬት ላይ ተክል ይደርቃል።